እጅ እስኪደርቅ

እኔ ብረት አይደለሁም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር። የሽኝቴ ዕለት የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው፣ ዳቦና ለስላሳ በቀረበበት አዳራሽ ተነስቶ «ጋሽ ጌታሁን ብረት ናቸው! በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን የዓመት ፈቃድ አልወሰዱም» ሲል ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም እንደ ወጉ ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። ፈቃድ ያልወሰድኩት ብረት ስለሆንኩ ነው እንዴ? ሦስት ጊዜ ጠይቄ ሦስቴም «የሚተካህ ሰው የለም» ተብዬ ስለተመለስኩ ነው። ያኔ ያጨበጨበልኝ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። እኔን የምትተካው ሲስተር ሂሩት የምትባል፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ናት። የአእምሮ ሕሙማንን ክፍል ብቻዋን ልትይዝ ተመድባ መጥታለች።

«ለሷ የሚሆን ሁለት ገጽ ይጻፉላት» አለኝ። «ይህን ያህል ዘመን ሳይሰበሩ እንዴት እንደቆዩ። የጥንካሬዎን ምስጢር።»

«ሁለተኛ ሰውስ?» አልኩት።

«እሱ ከበላይ አካል ሲፈቀድ ነው።»

«እንግዲያው የክፍሉን ቁልፍ አላስረክብም።»

ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎት ነው። ቁልፉ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። የጡረታ ወረቀቴም ቁልፉን እስካስረክብ ድረስ እሱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ይተኛ። ያቺን ልጅ ብቻዋን እዚያ ክፍል ውስጥ ዘግተውባት እንደ እኔ ብረት ሊያደርጓት ነው፤ ብረት ማድረግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለት ገጽ የተባለው ጽሑፍም ይህ ነው። ከበዛ ይቅርታ አልጠይቅም።

የተወለድኩት ጂንካ ነው። አባቴ ከሰሜን የመጡ ነጋዴ ነበሩ። መጀመሪያ የወባ መርጫ ታንክ በጀርባዬ ተሸክሜ መንደር ለመንደር ዞርኩ። ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ድሬሰር ሆኜ ካኮ ክሊኒክ ተመደብኩ፤ ቁስል አጠብኩ፣ መርፌ ወጋሁ፣ ለገበያ የመጣውን ሰው ሁሉ ኪኒን አስዋጥኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአእምሮ ሕክምና ኮርስ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ ሰው ተፈለገ። የተመረጥኩት ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ሌላው ሁሉ «የእብድ ሐኪም ራሱ ያብዳል» ብሎ ስለሸሸ ነው።

ኮርሱን ጨርሼ ስመለስ ጂንካ ላይ የተሰጠኝ ክፍል ከግቢው ጥግ ያለ የወባ መድኃኒት መጋዘን ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ያ በጀርባዬ የተሸከምኩት መድኃኒት ይሸታል። አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ የሚያረጋጋ ኪኒን ሲኖር አለ፣ ሳይኖር የለም። ስለ ደሞዙ አላወራም።

ሕመምተኛው እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሁሉም ከተሞከረ በኋላ ነው። ፕሮቴስታንቱ ጸልዮለት፣ ኦርቶዶክሱ ጠበል ወስዶት፣ የቆላው ሰው የአገር ሽማግሌ መርቆለት። እኔ በዚህ አልፈርድም፤ የጨነቀው ሰው ምን ያድርግ? ግን ሲመጣ ታስሮ ነው የሚመጣው። ሁለት ቀን ሙሉ እጁ የፊጥኝ ታስሮ የተጓዘ ሰው ምን ዓይነት ዓይን እንዳለው የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጋሽ ማርቆስን ያገኘኋቸው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። አምስት ዓመት ይበልጡኛል። የአሪ ሰው ናቸው፤ ድሬሰር፣ አስተርጓሚ፣ ሲያስፈልግም በር ጠባቂ። ኮርስ የሚባል ነገር አላዩም። አማርኛን የተማሩት ጎልማሳ ሆነው ስለሆነ ንግግራቸው አጭር አጭር ነው፤ አሪኛና ሐመርኛ ላይ ግን የሚያቆማቸው የለም።

ታስሮ የመጣ ሰው ሲገባ ምን ሆነ ብለው አይጠይቁም። መሬት ላይ ከጎኑ ይቀመጣሉ። ጎን ነው የምለው፣ ፊት ለፊት አይደለም። «ፊት ለፊት ፖሊስ ይቀመጣል» ይላሉ። ስሙን ከራሱ አፍ እስኪሰሙ ይጠብቃሉ፤ ወንድሙ ቢመልስ እንዳልሰማ ይሆናሉ። ከዚያ ገመዱን ይፈታሉ። እኔ ከአዲስ አበባ መቀስ ይዤ መጥቼ ነበር፤ «ተው፣ ገመድ የከብት ነው፣ ነገ ይፈለጋል» ብለው መለሱልኝ። ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈትተው፣ ገመዱን ጠቅልለው፣ ለማን እንደሚሰጡት ታውቃላችሁ? ለታሰረው ሰው ለራሱ። ጭኑ ላይ ያስቀምጡለታል። የታሰረበትን ገመድ እጁ ላይ ያየ ሰው ትንፋሹ ሲረግብ በዓይኔ አይቻለሁ። በእኛ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ሮጦ አምልጧል፤ እሱም ገመዱን ይዞ ነው የሮጠው፣ በማግስቱ ሊመልስልን መጣ።

ሌላም አስተማሩኝ። ሕመምተኛው ብዙ ተናግሮ ዘመዱ በአጭሩ ከተረጎመ፣ ዘመዱን ውሃ አምጣ ብለህ ላከው። የቀረውን ያኔ ትሰማለህ። ይህን ምክር አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን በራችን ላይ ወደነበረችው ሳፋ ልምጣ። ከየሕመምተኛው በኋላ ጋሽ ማርቆስ በሰማያዊዋ ሳፋ እጃቸውን ይታጠቡና ከበሩ ውጭ ታዛው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ፊታቸውን ላም ወደሚግጥበት የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ መልሰው፣ እጃቸው በነፋስ እስኪደርቅ ድረስ ከዚያ አይነሱም። ሰልፉ ቆሞ ያያል። እኔ በሩ ላይ እቁነጠነጣለሁ።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ፎጣ አለ እኮ» እላቸዋለሁ።

«ፎጣ ቶሎ ያደርቃል» ይላሉ።

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«አይደለም።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ደግሞ ጂንካ የዝናብ አገር ናት። ደመና ባለበት ቀን እጅ አይደርቅም፤ ሰውዬውም አይነሱም። ስንፍና መሰለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከእሳቸው ጋር ስንት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ያ ዘመን የሂስና ግለ ሂስ ዘመን ነው። በየሳምንቱ ሠራተኛው ይሰበሰባል፣ አንዱ ተነስቶ ሌላውን ይሄሳል፣ የተሄሰውም ተነስቶ ራሱን ይሄሳል። የያኔው ኃላፊያችን ሰዓት ይዞ ሕመምተኛ የሚቆጥር ሰው ነበር። አንድ ቀን ጠርቶ «ያንተ ክፍል ለምንድን ነው በቀን ይህን ያህል ጥቂት ሰው ብቻ የሚያየው?» አለኝ። ፈራሁ። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ ይበልጥ ነበር። እኔ ኮርስ የወሰድኩት ቆሜ እሳቸው ይቀመጣሉ፤ ይህ ውስጤን ሲበላው ከርሟል።

በስብሰባው ላይ ተነሳሁ። አንቱታውን ትቼ «ጓድ ማርቆስ በሥራ ሰዓት እጁን ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ ይውላል» አልኩ። ሰው ፈገግ ሲል ጊዜ ደግሞ ጨመርኩበት፤ «እጅ እንደ በርበሬ አይሰጣም።» አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ያን ሳቅ እስከዛሬ እሰማዋለሁ። አፌን በቆረጠው።

ጋሽ ማርቆስ ራሳቸውን እንዲሄሱ ተጠየቁ። ቀስ ብለው ተነሱ።

«እውነት ነው፣ እቀመጣለሁ» አሉ። «እጅ ሳይደርቅ ከገባሁ፣ የወጣውን ሰው ይዤ ነው የምገባው።»

«ስትቀመጥ ትጸልያለህ?» አላቸው ኃላፊው። የእነሱ፣ የፕሮቴስታንቶቹ፣ ቤተ ክርስቲያን የተዘጋበት ጊዜ ስለነበረ ጥያቄው ወጥመድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

«አንዳንዴ» አሉ። «አብዛኛውን ጊዜ ሜዳው ላይ ላሞቹን አያለሁ።»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ቆላው፣ ወደ ሃና ተዛወሩ። ያኔ ሃና መዛወር ማለት መኪና ሲገኝ መሄድ፣ ሲገኝ መመለስ ነው፤ መኪናው ደግሞ አይገኝም። ሲሄዱ ቂም የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አላየሁም። «ሳፋዋን ትቼልሃለሁ» ብቻ አሉኝ።

እኔም ፎጣ ሰቀልኩ። አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባል። በቀን የማየው ሰው እጥፍ ሆነ። ኃላፊው ኮከብ ሠራተኛ ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ፤ በፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቀልኩት። ቤት ስገባ ግን ሰው ከኋላዬ ሲራመድ እደነግጥ ጀመር። ልጆቼ ሲስቁ ያናድደኛል። ምግብ አፌ ውስጥ ይንከራተታል። ባለቤቴ አስናቀች አንድ ቀን «ጌታሁን፣ ሕመምተኞችህን ሁሉ ቤት ይዘሃቸው መጣህ እኮ፤ የት ላስተኛቸው?» አለችኝ። ጮህኩባት። ለኃላፊው ስነግረው «ጠንከር በል፣ አብዮቱ ጠንካራ ሰው ይፈልጋል» አለኝ። እኔም ጠነከርኩ። ሞኝ።

ቅዳሜ ነበር፣ የገበያ ቀን። አንድ ጎረምሳ በሰንሰለት ታስሮ ገባ። ስፈታው ፊቴ ላይ ተፋ፣ ክርኔን ነከሰኝ፣ አባቱ ደግሞ እየጮኸ ይመታዋል። ሁለቱንም ለማላቀቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሲወጡ ታጠብኩ፣ በፎጣዬ ጠረግሁ፣ «ቀጣይ!» ብዬ ተጣራሁ።

የገባችው ማርታ የምትባል ሴት ናት፤ ከካኮ አካባቢ፣ ከባሏ ወንድም ጋር። ያልታሰረች፣ ንጹሕ፣ ዝምተኛ። የሁለት ወር ልጅ አዝላለች። ከዚያ ጎረምሳ በኋላ ዝምተኛ ሰው ሲገባ እፎይ አልኩ፤ ኃጢአቴ ይህ ነው። ምን እንደሆነች ጠየቅኩ። በአሪኛ ብዙ ተናገረች፤ ረጅም፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። የእኔ አሪኛ ደግሞ ቀስ ተብሎ ካልተነገረኝ አይዝም። የባሏ ወንድም «ራሷን ያማታል ነው የምትለው» ብሎ ተረጎመ።

አየሁት። ብዙ ተናግራ ጥቂት እንደተተረጎመ አየሁት። ውሃ አምጣ ብዬ ልልከው እንደሚገባ አውቃለሁ፤ አስተምረውኛል። ግን ክርኔ ያመኛል፣ ደጅ ሰው ቆሟል፣ እኔ ገና ከዚያ ጎረምሳ ጋር ነኝ። የራስ ምታት ኪኒን ሰጠኋት። «ጠንከር በይ፣ ልጅ ይዘሽ እኮ ነው» አልኳት። የተሰጠኝን ቃል ነው የሰጠኋት።

በሳምንቱ የባሏ ወንድም ብቻውን መጣ። ኪኒኖቹን በጨርቅ ጫፍ እንደተቋጠሩ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣቸው። አንዱም አልተዋጠም። ማርታ ራሷን አጥፍታለች። ልጁ ደህና ነው።

«ያን ቀን ያለችውን ሁሉ አልነገርኩህም» አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር የሚናገረው። «አፈርኩ። ‹ልጄን አንድ ነገር እንዳላደርገው ፈራሁ፣ እሰሩኝ› ነው ያለችው። የታመመን ሰው እኮ የምናስረው እኛ ነን፤ ራሱ እሰሩኝ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ምን ብዬ ልተርጉመው?»

እሰሩኝ ብላ መጥታ ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን ገመድ የምፈታ ሰው፣ እሰሩኝ ብላ ደጄ ለመጣች ሴት ጠንከር በይ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ሲነገር ስሰማ ጥርሴን ነክሼ ነው የማልፈው። ጥንካሬ እየተባለ የሚሰበከው ሰው ላለመመደብ ነው፤ ጥንካሬ ካለህ ረዳት ምን ያደርግልሃል? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው ነገሩ።

ለኃላፊው ሪፖርት አደረግሁ። «ከአቅም በላይ ነው፣ ራስህን አትውቀስ» አለና ፋይሉን ዘጋ። ነገሩ ግን ከአቅሜ በላይ አልነበረም፤ አንዲት ኩባያ ውሃ አምጣልኝ ማለት ነው የቀረብኝ።

ሳላስፈቅድ በእህል መኪና ተጭኜ ሃና ወረድኩ። መንገዱን ልተወው። ጋሽ ማርቆስ ክሊኒካቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ መዳፋቸውን ዘርግተው። ሰላም ካልኳቸው በኋላ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሊያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር፤ አላጽናኑኝም።

«ከሷ በፊት ማን ገብቶ ነበር?» አሉኝ።

የጎረምሳውን ነገር ነገርኳቸው።

«እጅህ ደርቆ ነበር?»

«በፎጣ አደረቅሁት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከውስጥ ውሃ አመጡና እጄ ላይ አፈሰሱልኝ፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሃና ቆላ ነው፤ እጄ ወዲያው ደረቀ። ደግመው አፈሰሱ። ደረቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያፈሱ ነው ያለቀስኩት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፤ ስንት ዓመት የያዝኩት ወጣ። ማርታም፣ ጎረምሳውም፣ ያ የስብሰባ ሳቅም።

«ጋሽ ማርቆስ፣ በድዬዎታለሁ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። ምንም አይደለም አላሉኝም፤ ለዚህ እስከዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ቀጥለውም «እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ። «ብቻዬን ተቀመጥኩ። አንተን ና ተቀመጥ አላልኩህም። ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ሰነፍ ይመስላል።»

ተመልሼ ያለፈቃድ በመሄዴ የአሥራ አምስት ቀን ደሞዝ ተቀጣሁ፤ ይሁን። ፎጣውን አወረድኩ። ጋሽ ማርቆስ እንዲመለሱልኝ አመለከትኩ፣ አልተፈቀደም። እዚያው ሃና ጡረታ ወጡና መንደራቸው ገብተው እንሰታቸውን ይንከባከባሉ። እኔ ቀሪውን ዘመን ብቻዬን ታጥቤ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ያም ሰነፍ አለኝ፣ ያም እብድ አለኝ፤ ጆሮዬን ደፈንኩ። ያልተሰበርኩት በዚህ ነው፤ ከተሰበርኩ በኋላ ማለቴ ነው። ምስጢሩ ይኸው። ወጪው አንድ ሳፋና አንድ ድንጋይ ነው። ግን ድንጋዩ ሁለት መሆን ነበረበት፤ ይህ ነው ቢሮውን የማይገባው።

እስከዚህ የጻፍኩት ቁልፉ ኪሴ እያለ ነው። የቀረውን ዛሬ እጨምራለሁ።

ትናንት ሲስተር ሂሩት ቤቴ ድረስ መጣች። «ጋሽ ጌታሁን፣ ቁልፉን ስጡኝ» አለችኝ። «እኔ ብቻዬን እንዳልሆን እያሰቡልኝ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከካኮ ድረስ ታስረው የመጡ ሽማግሌ በሩ ተዘግቶባቸው ደጅ ተቀምጠዋል።» አፈርኩ። ከቢሮው ጋር እልህ ተጋብቼ ሰው ደጅ አስቀመጥኩ። ቁልፉን ይዤ ተከተልኳት።

መቀሱን ስታነሳ «ተዪ፣ ገመድ የከብት ነው» አልኳት። መቀሱን መለሰችና ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈታች፤ ገመዱን ጠቅልላ ሽማግሌው ጭን ላይ አስቀመጠች። ልጃቸው ሲተረጉም ደግሞ ማን እንደነገራት እንጃ፣ ዘወር ብላ «ወንድሜ፣ እስቲ ውሃ አምጣልን» አለችው። የሰማችውን አልጽፈውም፤ የሽማግሌው ነው። ሲወጡ ግን ፊቷ አመድ መስሏል።

በሳፋዋ ታጠበች። ፎጣ ፈለገች። ፎጣው የለም፤ ከመቀሱ ጎን የነበረውን ኪሴ ከትቼዋለሁ። ይዣት ወጣሁ። እሷ ሽማግሌውን ስታስገባ ራሴ ያንከባለልኩት ሁለተኛ ድንጋይ ታዛው ሥር ነበር። ተቀመጥን።

«ሰው እስኪመደብልሽ ማክሰኞና ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ» አልኳት። «ይህ ቢሮውን ነጻ አያወጣውም። ማመልከትሽን እንዳትተዪ።»

«እሺ። አሁን ምን እየጠበቅን ነው?» አለች።

«እጅሽ እስኪደርቅ ነው።»

መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ካፊያ ጀምሯል፤ ሜዳው ላይ ላሞች ይግጣሉ። ብዙም ሳንቆይ ኃላፊው በግቢው ውስጥ እየተቻኮለ መጣ። «ሲስተር፣ ሰው ተሰልፎ የለም እንዴ? ምን ያስቀምጣችኋል?» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ለዓመታት ያጠራቀምኩት ስድብ ምላሴ ላይ ነበር። እሷ ቀደመችኝ፤ ድምጿን እንኳን ከፍ አላደረገችም።

«እጃችን አልደረቀም» አለችው።

የእኔ እጅ ደረቅ ነበር። ቃሏን እንዳላሳብል ከታዛው ወጣ አድርጌ ወደ ካፊያው ዘረጋሁት። በእንዲህ ያለ ቀን ደግሞ ጂንካ ላይ እጅ ቶሎ አይደርቅም።